ከሊድስ ልጆችን ይዞ መውጣት፦ የቱ ለማን፣ የቱስ በምን ቀን?

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቼ ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ «ዛሬ የት ነን?» ማለት ይጀምራሉ። ሊድስ ለሚኖር ቤተሰብ ችግሩ መሄጃ ማጣት ሳይሆን መብዛቱ ነው። በከተማ አውቶቡስ የሚደረስበት እርሻ አለ፣ የገዳም ፍርስራሽ አለ፣ የጦር መሣሪያ ሙዚየም አለ። ባቡር ከተሳፈርን ዮርክ ግማሽ ሰዓት እንኳ አትሞላም፤ ስካርቦሮ ባሕር ዳር ደግሞ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ በኋላ እንደርሳለን።

ብዙዎቻችን ስንመርጥ ወይ ጎረቤት የሄደበትን እንከተላለን፣ ወይ «ነፃ ነው» የተባለውን እንይዛለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በኋላ የገባኝ ግን የመግቢያው ዋጋና የቀኑ ዋጋ ለየብቻ መሆናቸው ነው። ነፃ ሙዚየም ሄደን፣ ምሳ ሳንይዝ ወጥተን፣ አምስት ሰው ካፌ በልቶ፣ መውጫው ላይ ያለው ሱቅ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ነገር አስገዝቶን የተመለስንበት ቀን አለ። ቲኬት ከፍለን፣ ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጥረን ከሄድንበት ቀን እጥፍ ወጥቶብናል።

ሁለተኛው የተማርኩት ነገር፣ ቦታ የሚመረጠው በጎበዙ ሳይሆን በደካማው መሆኑን ነው። የሦስት ዓመቷ ልጅ እግር፣ ከአገር ቤት የመጡት አያት ጉልበት፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ትዕግሥት፤ ከነዚህ ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው ነው? እሱን ካወቃችሁ ግማሹ ምርጫ አለቀ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ በዚህ ሚዛን ነው የማየው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የቲኬት ዋጋ ግን አልጽፍም፤ በየጊዜው ስለሚቀያየር ከመውጣታችሁ በፊት ከየቦታው ድረ ገጽ ተመልከቱ።

ዝናብ ሲሆን፣ ኪስም ባዶ ሲሆን

በዝናብ ቀን እኛ ቤት ሁለት ነፃ ሙዚየሞች ይፎካከራሉ። አንዱ ሊድስ ዶክ ላይ ያለው ሮያል አርመሪስ ነው፤ ሌላው መሐል ከተማ፣ ሚሌኒየም ስኩዌር ላይ ያለው ሊድስ ሲቲ ሙዚየም።

ሮያል አርመሪስ በ1996 የተከፈተ የጦር መሣሪያ ሙዚየም ነው። «ልጅን ሰይፍና ጠመንጃ ላሳይ?» ብዬ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር። ልጆቹ ይዘውት የተመለሱት ግን ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ከሕንድ የመጣው የዝሆን ጥሩር ነው። ከትናንሽ የብረት ሳህኖች የተያያዘ ሲሆን ዛሬ ተርፎ የሚታየው ብቻ 118 ኪሎ ይመዝናል። ሁለተኛው የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የራስ ቁር ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን 1ኛ በ1514 ከሰጠው ጥሩር የተረፈ። የበግ ቀንድ አለው፣ መነጽር አድርጓል፣ የፊቱ አገጭ ላይ ያልተላጨ ጺም፣ አፍንጫው ሥር ደግሞ የሚንጠባጠብ ነገር ተቀርጾበታል። ትልቁ ልጄ «ይህን አድርጎ ነው የተዋጋው?» ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ለቤተ መንግሥት ትርኢት የተሠራ እንጂ ለጦር ሜዳ አልነበረም። ይህን ንጉሥ ያዙልኝ፤ ወደ ታች እንገናኘዋለን።

ጉድለቱ ስፋቱ ነው። ፎቁ ብዙ ነው፣ አዳራሹ አያልቅም፤ ሊፍት ቢኖርም የሦስት ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት ሳይሞላ «እቀፊኝ» ትላለች። ከባቡር ጣቢያው በእግር እስከ ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። የውሃ ታክሲዋ በምትሠራበት ቀን ከጣቢያው ጀርባ ተነሥታ በኤር ወንዝ ላይ ወደ ሙዚየሙ ደጃፍ ትወስዳለች፤ ለትንንሾቹ ከሙዚየሙ ይልቅ እሷ ነች ጉዞዋ።

ሲቲ ሙዚየም በአንጻሩ ትንሽ ነው፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ይጠናቀቃል፣ አያስጨንቅም። የቤቱ ጌታ ኔስያሙን ነው፤ ከ3,000 ዓመት በፊት በግብፅ ካርናክ ቤተ መቅደስ ካህን የነበረ ሰው ሬሳ። ሊድስ የገባው በ1823 ነው። በ1941 የጀርመን ቦምብ የድሮውን ሙዚየም ሲመታ አብረውት የነበሩት ሬሳዎች ሲጠፉ እሱ ተረፈ። በ2020 ደግሞ ተመራማሪዎች የጉሮሮውን ቅርጽ በስካነር አንሥተው በሦስት አውታር ማተሚያ ከሠሩት በኋላ አንዲት አጭር ድምፅ አሰምተውበታል። ለስምንት ዓመት ልጅ ይህን ከነገራችሁት በኋላ ከመስታወቱ ፊት ማንቀሳቀስ አይቻልም። ሬሳ የሚፈራ ልጅ ያላችሁ ግን ያንን ክፍል ዝለሉት፤ የእንስሳቱ ክፍል ይበቃል።

እንግዲህ ፍርዴ፦ ከስድስት ዓመት በታች ከሆኑ ሲቲ ሙዚየም፣ ከሰባት በላይ ከሆኑ ሮያል አርመሪስ። ሁለቱንም በአንድ ቀን እንዳትሞክሩ። ሰኞ ደግሞ ዝግ የሚሆን ሙዚየም ብዙ ስለሆነ ትምህርት ቤት ሲዘጋም ቢሆን ሳታዩ አትውጡ።

ስለ ሰዓት ካነሣን፣ ከለንደን የመጣ የአጎቴን ልጅ «ቅዳሜ በ4 ሰዓት ሙዚየሙ በር ላይ እንገናኝ» አልኩት። እኔ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ማለቴ ነው። እሱ እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ነውና በፈረንጆቹ 4 ሰዓት፣ ማለትም ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ አበባ ይዞ ከች አለ። ሠራተኞቹ «ልንዘጋ ነው» እያሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ «የማን 4 ሰዓት?» ሳይባል ቀጠሮ አይያዝም።

የሕክምና ታሪክ የሚያሳየውን ታክሬይ ሙዚየምንም ልጥቀስ፤ ሃርሂልስ ለምንኖረው ከሴንት ጀምስ ሆስፒታል ጎን፣ እደጃችን ነው። ቤቱ ራሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የድሆች መጠለያ ነበር። ክፍያ አለው። ማደንዘዣ ሳይኖር እግር እንዴት ይቆረጥ እንደነበር የሚያሳይ ቦታ ስለሆነ ለትንንሾች አይሆንም። ሐኪም እሆናለሁ የሚል የአሥር ዓመት ልጅ ካላችሁ ግን ውሰዱት፤ ወይ ይጸናል ወይ ሐሳቡን ይቀይራል።

እንስሳት ለማየት

እዚህ ላይ አራት ምርጫ ይቀርባል፤ ሰዉም የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሁሉም «እንስሳ ያለበት ፓርክ» ስለሚመስለው።

ቴምፕል ኒውሳም ውስጥ ያለው ሆም ፋርም እርሻ ነው፤ ዘራቸው እየጠፋ ያሉ የብሪታንያ ላሞች፣ አሳማዎች፣ በጎችና ፍየሎች የሚረቡበት። ዙሪያው ያለው መናፈሻ 600 ሄክታር ገደማ ሲሆን የሊድስ ከተማ በ1922 ነው የገዛው። እናቴን ወስጃት ነበር። ቲኬቱን ስቆርጥ አይታ «ፍየል ለማየት ነው ገንዘብ የምትከፍሉት?» አለች። ግን ከበረቱ ደጃፍ የተንቀሳቀስነው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ የበጎቹን ጸጉር እየዳሰሰች፣ «ይህቺ ደርሳለች፣ ከሳምንት አታልፍም» እያለች ለልጆቹ አስተማሪ ሆና ዋለች። አያት ከልጅ ልጅ የምትበልጥበት ቦታ ስለሆነ ለእንግዳ እናትና አባት ከሁሉም ይህን አስቀድማለሁ። ጸደይ ላይ ግልገሎች በሚወለዱበት ሰሞን ሂዱ። ጫማ ግን የሚታጠብ ይሁን።

ሎዘርተን ከከተማው በስተምሥራቅ፣ አበርፎርድ አጠገብ ነው። ፔንግዊን፣ ፍላሚንጎ፣ አጋዘን አለው። ሄርውድ ቤት ደግሞ በሰሜን በኩል ወደ ሃሮጌት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ እዚያም ፔንግዊን አለ። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሎዘርተን ይረክሳል፣ ቀለል ያለ ነው፣ ነገር ግን መኪና ለሌለው ሰው አስቸጋሪ ነው። ሄርውድ ይወደዳል፤ ሆኖም ከሊድስ የሚነሣው 36 ቁጥር አውቶቡስ በሩ ላይ ያወርዳል። የመጫወቻ ሜዳው ትልቅ ነው፣ ሐይቅ አለው፣ ቤቱም ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ካልዋላችሁበት ገንዘቡ ያንገበግባል፤ ከጠዋት እስከ መዝጊያ ከዋላችሁ ግን ይመልሳል። የቤቱ ውስጥ ክፍሎች በክረምት ዝግ ስለሚሆኑ እሱን ፈልጋችሁ ከሆነ ከጸደይ እስከ መኸር ነው።

ስለ ሄርውድ አንድ ነገር ለልጆች መንገር ተገቢ ይመስለኛል። ግንባታው በ1759 ሲጀመር የባለቤቶቹ የላሴልስ ቤተሰብ ሀብት የመጣው ከካሪቢያን የስኳር እርሻና ከባሪያ ንግድ ነው፤ ቤቱ ራሱም ይህን አይደብቅም። ልጄ ወርቅ የተቀባውን ጣሪያ አንጋጦ እያየ «ሀብታሞች ነበሩ?» ሲለኝ፣ ገንዘቡ ከማን ጉልበት እንደወጣ ነገርኩት። አሥር ዓመት ለሞላው ልጅ አይከብድም።

አራተኛው ራውንድሄይ ፓርክ አጠገብ ያለው ትሮፒካል ወርልድ ነው፤ በ1984 ተከፈተ። ቢራቢሮ በጭንቅላታችሁ ላይ ይበርራል፣ ሚርካት የሚባሉት ትንንሽ እንስሳት እየቆሙ ያዩአችኋል። ከሁሉም ትንሹ ነው፤ አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል። ነገር ግን ጥር ላይ ከውጪ ሁለት ዲግሪ ሆኖ ስትገቡ የአዋሽ ሙቀት ይቀበላችኋል። መነጽር የምታደርጉ ወዲያው ጉም ይሸፍነዋል። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በክረምት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ሲወጡ ዝናቡ ካቆመ ከመንገዱ ማዶ ያለው ራውንድሄይ ፓርክ ከ280 ሄክታር በላይ ነው፤ እዚያ መሮጥ በነፃ ነው።

ባቡር ተሳፍሮ

ባቡር ላይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም፤ ከ5 እስከ 15 ያሉት ግማሽ ይከፍላሉ። ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ ሬልካርድ የሚባለው ካርድ ደግሞ ከአዋቂው ዋጋ ሲሶ፣ ከልጁ 60 በመቶ ይቀንሳል፤ በአንድ ካርድ እስከ 4 አዋቂና 4 ልጅ መሄድ ይችላል። በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ ዋጋውን ይመልሳል። ጎረቤታሞች ሁለት እናቶች ተባብረው ሲሄዱ ደግሞ የበለጠ ያዋጣል።

በዚህ በኩል ሦስት ቦታዎች ይነጻጸራሉ፦ ዮርክ፣ ብራድፎርድ፣ ሃሊፋክስ።

ዮርክ የሚገኘው የብሔራዊ ባቡር ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው፤ ከጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። በ1938 በሰዓት 126 ማይል፣ ማለትም 203 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ የእንፋሎት ባቡርን ክብረ ወሰን የያዘው ሰማያዊው ማላርድ እዚያ ቆሟል፤ ክብረ ወሰኑ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። የጃፓኑ ሺንካንሰንም አለ፣ ገብተው ይቀመጡበታል። ባቡር የሚወድ ወንድ ልጅ ያላት ጓደኛዬ አራት ጊዜ ሄዳለች። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፦ ልጃችሁ ባቡር የማይወድ ከሆነ ሁለተኛው አዳራሽ ላይ ይሰለቸዋል። ውስጡ ያለው ዎንደርላብ የሚባለው የሙከራ ክፍል ደግሞ ለብቻው ያስከፍላል፤ «ነፃ ነው» ብላችሁ ገብታችሁ ልጆቹ በሩ ላይ እንዳያለቅሱባችሁ ቀድማችሁ ወስኑ። የዮርክ ጥቅሙ ከሙዚየሙ ውጪ ያለው ነው፤ የጥንቱን የከተማ ቅጥር ወጥቶ በላዩ መራመድ ይቻላል፣ ያም ነፃ ነው። ጋሪ ለምትገፉ ግን አይመችም፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ በአንድ ወገን መከለያ የሌለበት ቦታም አለ።

ባቡር ማየት ሳይሆን መሳፈር ነው የምንፈልገው ካላችሁ ዮርክ ድረስ አትድከሙ። እዚሁ ሊድስ፣ ሃንስሌት ውስጥ ሚድልተን የባቡር ሐዲድ አለ። በ1758 በፓርላማ አዋጅ የተቋቋመ ነው፤ ያኔ የድንጋይ ከሰል ጋሪ የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። በ1812 የእንፋሎት ባቡር ገባለት። ከ1960 ወዲህ በጎ ፈቃደኞች ያንቀሳቅሱታል። ጉዞው አጭር ነው፣ ለአራት ዓመት ልጅ ልክ ነው።

ብራድፎርድ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። እዚያ ያለው የሳይንስና የሚዲያ ሙዚየም ለረጅም ጊዜ ታድሶ በጥር 2025 እንደገና ተከፍቷል፤ እሱም ነፃ ነው፣ ሲኒማው ብቻ ያስከፍላል። ለአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ከሁሉም ያወጣው ይህ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን፣ የድሮ ካሜራ፣ የድሮ ጌም፤ «አባዬ በዚህ ነው ያደገው?» እያለ አባቱን በሕይወት ያለ ቅርስ አደረገው።

ሃሊፋክስ ያለው ዩሬካ በ1992 የተከፈተ የልጆች ሙዚየም ነው፤ ከጣቢያው ወጥታችሁ ሳትመለከቱት አታልፉም። ቲኬቱ ያስደነግጣል። ግን አንዴ ከተከፈለ ዓመቱን ሙሉ ያስገባል። ያኔ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ስድስት ጊዜ የሄደ ቤተሰብ ከነፃው ሙዚየም ካፌ ያነሰ ነው ያወጣው። ልጆች ሱቅ ይሠራሉ፣ መኪና ይጠግናሉ፣ «አትንኩ» የሚል የለም። ለ0 እስከ 11 ዓመት ነው የተሠራው። እኔ ግን ከዘጠኝ በላይ ለሆነ አልመክርም፤ ጥግ ይዞ ስልክ ይለምናል። ሃሊፋክስ ዳግም ለመሄድ የባቡሩን ዋጋ የማትችሉ ከሆነም ዓመታዊው ቲኬት ለእናንተ ዓመታዊ አይደለም፤ ይህን አስቡበት።

ገቢያችሁ አነስተኛ ሆኖ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የምትቀበሉ ከሆነ በየትኛውም የሚከፈልበት ቦታ ቅናሽ እንዳለ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ብዙዎቹ አላቸው፣ ነገር ግን ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም።

ከመሬት በታች

ዌክፊልድና ሃደርስፊልድ መካከል ያለው ብሔራዊ የከሰል ማዕድን ሙዚየም ከዚህ ሁሉ የሚለይ ነው። መሬት ላይ ያለው ነፃ ነው፤ የሚከፈለው ወደ ጉድጓዱ ለመውረድ ነው፤ 140 ሜትር። ሄልሜት ያስደርጉና ስልክ፣ ሰዓት፣ ባትሪ ያለው ነገር ሁሉ ላይ ይቀበሏችኋል፤ የማዕድን ጋዝ በእሳት ብልጭታ ስለሚቀጣጠል ነው። አስጎብኚዎቹ በማዕድን የሠሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ጊዜ መብራት ሁሉ እንድናጠፋ አደረጉ፤ ያንን ጨለማ የገጠር ጨረቃ የሌለበት ሌሊት እንኳ አይስተካከለውም። እስከ 1842 ድረስ ከዚህ ልጆቼ ያነሱ ልጆች እዚያ ጨለማ ውስጥ የአየር በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ይውሉ ነበር። ሕጉ ያን ዓመት ነው ሴቶችን በሙሉ፣ ከወንዶች ደግሞ ከአሥር ዓመት በታች ያሉትን ከመሬት በታች እንዳይሠሩ የከለከለው።

በጣም ትንንሽ ልጆችን አያወርዱም። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰውም ላይ ይቅር፤ ፈረሶቹን እያየ ይጠብቅ። ከስምንት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ግን ከዮርክም፣ ከሮያል አርመሪስም አስቀድመዋለሁ።

ሙሉ ቀን፦ ወንዝ ወይስ ባሕር?

ነሐሴ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቦልተን አቢ ወይስ ስካርቦሮ?

ቦልተን አቢ ዋርፍ ወንዝ ዳር ነው። ክፍያው በሰው ቁጥር ሳይሆን በመኪና ስለሆነ ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ያለው ቤተሰብ ይጠቀማል፤ መኪና የሌለው ደግሞ ባይሞክር ይሻለዋል። የገዳሙ ፍርስራሽ ሥር ወደ 60 የሚሆኑ የመሻገሪያ ድንጋዮች ወንዙን ያቋርጣሉ፤ ልጆች ሲመላለሱበት ይውላሉ፣ አንድ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ይወድቃል። ትርፍ ካልሲና ሱሪ ያዙ። ግን ይህን በቁም ነገር ያዙልኝ፦ ወደ ላይ ስትሄዱ ስትሪድ የሚባል ቦታ አለ። ወንዙ በድንገት ጠቦ፣ ዘለው የሚያልፉት ይመስላል። ሥሩ ግን ጥልቅ ነው፣ ውሃው ወደ ታች ይጎትታል፤ ሰው ሞቶበታል። እዚያ የልጅ እጅ አይለቀቅም።

ስካርቦሮ ባቡር ቀጥታ ይወስዳል። አሸዋ አለ፣ አህያ ግልቢያ አለ (እናቴ ስለዚህ ያለችውን አልጽፍም)፣ ሁለት የባሕር ዳርቻዎችን የሚለይ ኮረብታ ላይ የጥንት ምሽግ አለ። ውሃው ነሐሴም ላይ ይቀዘቅዛል። መመለሻ ባቡር እሑድ ማታ ስለሚጨናነቅ ከቅዳሴ በኋላ ለመሄድ ያሰባችሁ ቅዳሜን ምረጡ። ለትንንሽ ልጅ ስካርቦሮ፣ ለትልቅ ልጅና ለሚራመድ አዋቂ ቦልተን አቢ፤ እኔ የምለው ይህንን ነው።

ምሳውን በተመለከተ፣ ፍልሰታ ሁልጊዜ በትምህርት ቤቱ የበጋ ዕረፍት መካከል ትገባለች። ጿሚው «ቺፕስ አለ» ብሎ ይዝናናል። ዮርክሻየር ውስጥ ግን ብዙ የድሮ ዓሣና ቺፕስ ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ስብ ነው። ድንቹ የጾም ይመስላል፣ ዘይቱ ግን ሥጋ ነው። ሐላል የምትመገቡም እንዲሁ ጠይቁ። በአትክልት ዘይት የሚጠብሱ አሉ፣ መስኮታቸው ላይ ይጽፉታል።

ዶንካስተር ያለው ዮርክሻየር ዋይልድላይፍ ፓርክ የዋልታ ድብና አንበሳ ያሳያል፤ ፍላሚንጎ ላንድ ደግሞ ልብ የሚያወጡ መጫወቻዎች አሉት። ሁለቱም ውድ ናቸው፣ ሁለቱም መኪና ይፈልጋሉ። በዓመት አንዴ፣ ለልደት። ፍላሚንጎ ላንድ ላይ ከመሄዳችሁ በፊት የልጁን ቁመት ለኩ፤ ተሰልፎ ሦስት ሳንቲ ሜትር ጎደለህ የተባለ ልጅ ቀኑን ሙሉ አይጽናናም።

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ

ለእንግዳ ሁላችንም ዮርክን እናሳያለን፤ ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ነው፣ ፎቶው ያምራል። እኔ ግን በቅርቡ እናቴን ኪርክስቶል ገዳም ወሰድኳት። ከመሐል ከተማ በአውቶቡስ ይደረሳል፣ መሬቱ ሜዳ ነው፣ መቀመጫ አለው፣ ወንዝ ዳር ነው። ልጆቹ በፍርስራሹ መካከል ድብብቆሽ ሲጫወቱ አዋቂው ቴርሞሱን ከፍቶ ሻይ ይጠጣል። ገዳሙ የተመሠረተው በ1152 ነው፤ ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ ሠላሳ ዓመት ገደማ አስቀድሞ። እናቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ የኛው እየተቀደሰበት የነሱ እንዴት ፈረሰ?» አለች። ልጄ ቀደመኝ፦ «ቀንድ ያለው ንጉሥ ነው የዘጋው!» እውነቱን ነው፤ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሲወርስ ይህ በ1539 ተዘጋ። መነኮሳቱ ከወጡ በኋላ ጣሪያው ተወሰደ፣ ድንጋዩን ሰው ወሰደው።

ከኪርክስቶል ኮረብታውን ከወጡ ሄዲንግሊ ነው። ብዙ አበሻ እዚያ ሠፈር በክሪኬት ሜዳው አጠገብ ያልፋል እንጂ ሌላውን አያውቅም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የሞተው እዚያ ነው። ከመቅደላ በ1868 በሰባት ዓመቱ ተወሰደ፣ ራግቢ ትምህርት ቤት ገባ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፣ በመጨረሻም ሊድስ አንድ አስተማሪ ቤት ተቀመጠ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኖት በሳንባ በሽታ አረፈ። አስከሬኑ ዊንዘር ነው፤ በ2023 ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለም።

የሚታይ ሐውልት ፍለጋ ሳይሆን መንገዱን በእግር ለማየት ወጣን። ተራ የመኖሪያ ሠፈር ነው፤ ዛፍ፣ የድንጋይ ቤት፣ የተማሪ ብስክሌት። እናቴ ጥላው ሥር ቆማ ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች፣ ልጆቹ ለምን እንደሆነ ጠየቋት። እሷም ከመቅደላ ጀምራ ነገረቻቸው። አውቶቡስ ላይም፣ ቤት በር ላይም ጥያቄያቸው አላለቀም፤ ከሄርውድ ስንመለስ ግን ሦስቱም ገና ሳንርቅ ነበር የተኙት።